የመጫወቻ መንኰራኵርና የጎርፍ ሜዳ



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ለልጆች መጫወቻ ለጥ ያለ መሬት ሲፈለግ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በወንዝ ዳር ነው። ያን መሬት የደለደለው ግን ውሃው ራሱ ነው። በወልቂጤ በኩል ዋቤ፣ በቡታጅራ በኩል ከዘቢዳር ተራራ የሚወርዱት ጅረቶች በበጋ የዋህ ይመስላሉ። የድሬዳዋው ደቻቱም አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሆኖም ከሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ።

«በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ ጎርፍ» የሚባለው አነጋገር ሰውን ያዘናጋል። ትርጕሙ በየዓመቱ 1 ከመቶ ዕድል አለው ማለት ነው፤ 30 ዓመት ለሚያገለግል መሣሪያ ዕድሉ 26 ከመቶ ይደርሳል። ሎተሪ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ትኬት ባልተረፈ ነበር።

የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ምሰሶን የሚጥለው ግን ብዙ ጊዜ ከመሠረቱ ሥር አፈሩ ተጠርጎ መሄዱ ነው። ስለዚህ መሠረቱ ውሃው ሊቦረቡረው ከሚችለው ጥልቀት በታች ይውረድ፤ ሞተሩና የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ከታሰበው የጎርፍ ከፍታ በላይ ይሰቀሉ። በወንዙ ዋና መተላለፊያ አጥር እንኳ አይፈቀድ፤ ግንድና ቍጥቋጦ ይዞ ግድብ ይሆንና ውሃውን ወደ ጎረቤት ቤት ያዞረዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ኤሌክትሪክ መቋረጥ አለበት፤ በዚያች ሰዓት ግን ልጆች በአየር ላይ ተቀምጠዋል። መንኰራኵሩን በእጅ እያዞሩ ሁሉንም ለማውረድ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ተራራው ላይ ዝናም ከታየ በኋላ ውሃው እስኪደርስስ? ሁለተኛው ከመጀመሪያው ካነሰ፣ በፈቃዱ ላይ መፈረም አይገባም።