ሥዕልን ማየትና ሥዕልን መመርመር
(በማኅበሩ የምሽት ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ በታሪክ ጥናት ረገድ በምን ዘዴ እንደሚመረመሩ ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ሁሉን እናዳርሳለን ብለን አንነሣም። ይልቁንም ከአገራችን ሥራዎች ጥቂቱን ይዘን እያንዳንዱ ዘዴ የት ድረስ እንደሚያደርሰንና የት ላይ ጥሎን እንደሚሄድ ለማሳየት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችን ከሥዕል ፊት ስንቆም የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ያምራል ወይስ አያምርም? የማንስ ታሪክ ነው? ሁለቱም ጥያቄዎች ነውር የለባቸውም። ነገር ግን የፊተኛው ወደ ራሳችን ስሜት፣ የኋለኛው ወደ መጽሐፉ ይዞን ይሄዳል፤ ሥዕሉም ሳይታይ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ስለዚህ የጥናቱ መጀመሪያ አይቶ ያዩትን መጻፍ ነው። የተሣለው በእንጨት ላይ ነው ወይስ በብራና፣ በሸራ ወይስ በግንብ ላይ? ቀለሙ ስንት ዓይነት ነው? ሰዎቹ ቁመታቸው እኩል ነው ወይስ አንዱ ከሌላው ይገዝፋል? ማን ወደ ማን ይመለከታል? አንድ ሰዓት ተቀምጦ ይህን የጻፈ ተማሪ ስለዚያ ሥዕል አሥር መጽሐፍ ካነበበው ይልቅ የሚናገረው ያገኛል ብለን እናምናለን።

ዓይንን ወደ ዘዴ ከለወጡት ሰዎች አንዱ ጆቫኒ ሞሬሊ የተባሉት ጣሊያናዊ ናቸው (1816–1891)። ትምህርታቸው ሕክምና ነበር። ሠዓሊ የሚጠነቀቅበትን ነገር፣ ይኸውም የፊቱን ገጽታና የሰውነቱን አቋቋም፣ ደቀ መዝሙሩም ሊቀዳው ይችላል፤ ሳያስብበት የሚሥለው የጆሮና የጥፍር ቅርጽ ግን እንደ እጅ ጽሕፈት ባለቤቱን ያጋልጣል አሉ። በዚህ መንገድ በድሬስደን የሥዕል ቤት የሌላ ሰው ቅጂ ተብላ ተመዝግባ የነበረችውን የተኛች ቬኑስ የጆርጆኔ ሥራ መሆኗን አመለከቱ።

ይህ ዘዴ ለእኛም አገር ሠርቷል። ሠዓሊዎቻችን ስማቸውን መጻፍ አያዘወትሩም። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ግን የሠዓሊው የፍሬ ጽዮን ስምና የንጉሡ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ስም ተጽፏል። ማሪሊን ሄልድማን የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዚህ አንድ ሥዕል ተነሥተው፣ ስም የሌላቸውን ሌሎች ሥዕሎች ከእርሱ ጋር እያስተያዩ ለፍሬ ጽዮንና ለተከታዮቹ ሰጡ። አንድ ስም ባይጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ መነሻ ያጣ ነበር።

ሆኖም ዓይን ብቻውን ሲፈርድ አደጋ አለበት። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትን የወንጌል መጻሕፍት ተመልከቱ። በ1960 ገደማ የጻፉ ሊቃውንት የሥዕሎቹን አሣሣል ከሌላ አገር ሥራዎች ጋር አስተያይተው ዘመናቸውን ወደ 1100 ገደማ አደረጉት። ኋላ ግን ከብራናው ትንሽ ቁራጭ በኦክስፎርድ በካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ቢያንስ የ400 ዓመት ልዩነት ነው! በእርግጥ ምርመራው የሚለካው የቆዳውን ዕድሜ እንጂ የቀለሙን አይደለም፤ ስለዚህ የዓይን ሥራ አሁንም አልቀረም። ነገር ግን በዚያ በጥንቱ ዘመን በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሥዕል ይኖራል ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት ነበር፤ ያልጠበቁትንም ማየት ከባድ ነው።

አሁን ወደ ትርጓሜ እንለፍ። ኤርቪን ፓኖፍስኪ በ1933 አይሁዳዊ በመሆናቸው ከሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተባርረው አሜሪካ የገቡ ጀርመናዊ ሊቅ ናቸው። በ1939 ባወጡት መጽሐፍ የሥዕልን ፍቺ በሦስት ደረጃ ከፈሉት። እርሳቸው በመንገድ ላይ ባርኔጣውን የሚያነሣ ሰው ምሳሌ አድርገዋል፤ እኛ በነጠላ እንመስለው። አንዲት ሴት የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አድርጋ ስትሄድ ብናይ፣ መጀመሪያ የምናየው ጨርቅና ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ልማዱን ስለምናውቅ ኀዘን ላይ መሆኗን እንረዳለን። ሦስተኛው፣ ኀዘን በልብስ የሚነገርበት ኅብረተሰብ ምን ዓይነት ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ልማዱን የማያውቅ እንግዳ ከመጀመሪያው ደረጃ አያልፍም።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኣን በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን ያላወቀ ሰው ሠዓሊው ፊት መሣል አልሆነለትም ይላል። የእመቤታችንን እጆችም እንመልከት። ቀኝዋ በግራዋ ላይ ተሻግሮ ሁለት ጣት የተዘረጋበት ሥዕል መነሻው በሮም በሳንታ ማርያ ማጆሬ ያለው ሥዕል ነው፤ ቅጂዎቹን ወደ አገራችን ያመጡት ኢየሱሳውያን ናቸው። ሠዓሊዎቻችን እጆቹን ጠበቁ፤ ልብሱን ግን አገርኛ አደረጉት፤ በግራና በቀኝ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት አቆሙ። ቀዱ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የቱን ጠብቀው የቱን ለወጡ፣ ስለ ምን? ጥናቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ቅኔና አንድምታ ባለበት አገር ስላደግን ሰሙን ሳናይ ወርቁን ለመቆፈር እንቸኩላለን። የጢያን ትክል ድንጋዮች ውሰዱ። ከ36ቱ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ በብዙዎቹም ላይ ሰይፍ አለ። የሰይፉ ብዛት የተገደለ ጠላት ቁጥር ነው የሚሉ አሉ። በአካባቢው እንዲህ ያሉት «የግራኝ ድንጋይ» ሲባሉ ቆይተዋል፤ ድንጋዮቹ ግን ከግራኝ ይቀድማሉ። በሥራቸው መቃብር መኖሩን ያሳየው ቁፋሮው እንጂ ትርጓሜው አይደለም። ድንጋይን መርማሪ ዙሪያውን ይዙር፤ ጠዋትና ማታ ብርሃኑ ሲያዘነብል ይመለስ፤ የመሮውን ፈለግ በጣቱ ይከተል።

ከሁሉ ይልቅ ልናነሣው የፈለግነው የኵርዓተ ርእሱን ጉዳይ ነው። የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ሥዕል ነው። በአሣሣሉ ብቻ ስንመረምረው በ1500 ገደማ በአውሮፓ ሠዓሊ እጅ የተሠራ ነው፤ ሊቃውንቱም አንዱ የፍላንደርስ፣ ሌላው የፖርቱጋል እያሉ ተከራክረውበታል። በዚህ መልክ ከተጠየቀ መልሱ እዚያው ያበቃል፤ ሥዕሉም የአውሮፓ ይሆናል። ነገር ግን «ምን ይሠራበት ነበር?» ብለን ስንጠይቅ ሌላ ታሪክ ይወጣል። የጎንደር ነገሥታት ለዘመቻ ሲወጡ ይዘውት ይወጡ ነበር፤ መኳንንቱም በፊቱ ይምሉ ነበር። በ1744 በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ዘመን በስናር ጦርነት ተማርኮ በቤዛ ተመለሰ። በ1868 በመቅደላ ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ወሰደው፤ ለሙዚየሙም ሳይሰጥ ለራሱ አስቀረው። በ1917 በለንደን በጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 ደግሞ ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ። በጨረታ ላይ ሥዕሉን የሚያስተምነው የሠዓሊው እጅ ነው፤ ኢትዮጵያ የምትጠይቀው ግን የተማለበትን ነው። እንግዲህ በምን ዘዴ እንመርምር የሚለው ጥያቄ ከንብረት ክርክር የራቀ አይደለም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ የምናቀርበው ሐሳብ አለ። እያንዳንዳችን ወደየአገራችን ስንሄድ፣ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደን፣ የአንድ ሥዕል ወይም የአንድ ቅርጽ መግለጫ ጽፈን እንምጣ። ቁመቱና ስፋቱ በሳንቲ ሜትር፤ የተሠራበት ነገር፤ በላዩ ያለው ጽሑፍ ፊደሉ ሳይታረም እንዳለ፤ የተሰቀለበት ቦታና ወደየት እንደሚመለከት፤ በየትኛው በዓል እንደሚወጣና ማን እንደሚሸከመው፤ ታድሶ ከሆነ መቼና በማን። ቄሰ ገበዙ የሚነግሩን በአንድ ወረቀት፣ በዓይናችን ያየነው በሌላ ወረቀት ይጻፍ፤ ሁለቱ አይቀላቀሉ። ሥዕሉን በእጅ መንካት፣ በውሃ ወልውሎ ማጥራት ፈጽሞ አይገባም። ወረቀቶቹን ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት እንቀበላለን።