ልብ ምን ይበላል?

(ድምፅ፦ የሯጮች እርምጃ፤ ከሩቅ የታክሲ ጥሪ)

አቅራቢ፦ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤናና ከቤተል ሰፈር በማለዳ የሚሮጡትን አይታችሁ ይሆናል። ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ስብና ስኳርን በኦክስጅን እያቃጠሉ ኃይል ያመርታሉ። እንዲበዙ ከሚያደርጉት ጂኖች አንዱ ፒጂሲ ዋን አልፋ ይባላል፤ በአውሮፓውያን 1998 ነው የታወቀው። ስንሮጥ ይነቃል፣ ሌሎች ጂኖችንም ይቀሰቅሳል። ልምምዱ ሲደጋገም የእግር ጡንቻ ማይቶኮንድሪያውን ያበዛል፤ ሲቋረጥ ደግሞ ይቀንሳል።

ልብ ግን ዕረፍት የለውም። ከልብ ጡንቻ ሕዋስ ሲሶ ያህሉ ማይቶኮንድሪያ ነው። በማህፀን ሳለን በአብዛኛው በስኳርና በላክቴት ይሠራል፤ ከተወለድን በኋላ ስብ የሚያቃጥሉ ጂኖች ነቅተው ፊቱን ወደ ስብ ያዞሩታል። በከባድ የልብ ድካም ጊዜ እነዚሁ የስብ ጂኖች ይዳከማሉ፤ ልብም ኃይል ያጥረዋል።

«ሩጫ በደማችን ነው» ባዮችስ? በአውሮፓውያን 2005 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያን ምርጥ ሯጮች ከእናት የሚወረስ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጽሮ፣ ሯጮቹን ለብቻ የሚለይ የእናት የዘር ሐረግ አላገኘም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የ2003ቱ ጥናት ነው፤ ብዙዎቹ ማራቶን ሯጮች የአርሲና የሸዋ ልጆች ሲሆኑ፣ ከሌላው ሰው በበለጠ ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ ነበር።