ሕፃኑ ለፖፖ መድረሱን በምን እናውቃለን?
(ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦችና ለማኅበሩ ደጋፊዎች በጎንደር ከተማ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ስለ የቲሞች ስንሰባሰብ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቀለብ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትምህርት ቤት ወጪ ነው። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በአደባባይ ለመናገር የሚታፈርበት፣ በየቤቱ ግን በየቀኑ የሚያስጨንቅ ነው። ድክ ድክ የሚል ሕፃን ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን በቦታው ማድረግን መቼ ይማር? እንዴትስ ይማር? ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ የቲም ሕፃን በአያቱ ወይም በአክስቱ ቤት ያገኘው ሰላም ብዙ ጊዜ የሚደፈርሰው በዚሁ ነው። የራሰ ፍራሽ፣ የተበላሸ መስገጃ፣ ያለቀ ሳሙና፤ ቀጥሎ ቁጣ፤ ቀጥሎ ዱላ ይመጣል። «ይህ ልጅ አስቸገረን፤ ሌላ ዘመድ ይውሰደው» የሚለው ቃልም ከዚያ በኋላ ይሰማል።

ስለዚህ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር አጥብቃችሁ እንድትይዙልን እንሻለን። ሕፃን ለፖፖ ደረሰ የሚባለው እርሱ ምልክት ሲሰጥና ያንን ምልክት የሚያውቅለት ሰው አጠገቡ ሲኖር ነው። የዓመቱ ቁጥርም የአሳዳጊው ድካምም ብቻውን ይህን አይወስንም።

እናቶቻችን ይህን ያውቁታል። ከቀሐ ወንዝ ዳር ሰፈሮች እስከ ሰሜን ጎንደር ደጋዎች ድረስ እናት ልጇን አዝላ ስትውል በጀርባዋ ሲቁነጠነጥ ትረዳለች። ታወርደዋለች፤ በእግሮቿ መካከል ይዛ «ሽሽሽ» ትለዋለች፤ ይሸናል። በኬንያ የባሕር ጠረፍ የሚኖሩትና አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑት ዲጎዎችም ተመሳሳይ ልማድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ ጥናት እንደገለጸው የዲጎ እናቶች ማሸናት የሚጀምሩት ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ሕፃናቱም በአምስት ወይም በስድስት ወራቸው በአብዛኛው ደረቅ ሆነው ይውላሉ።

በሌላ በኩል ብራዝልተን የተባሉት አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ 1,170 ሕፃናት ባወጡት ጽሑፍ ወላጆች አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ጠብቀው፣ የሕፃኑን ዝግጁነት እያዩ፣ ሳያስገድዱ እንዲጀምሩ መክረዋል። እነዚያ ሕፃናት ቀን ቀን ደረቅ መሆን የቻሉት በአማካይ በ28 ወር ተኩል ገደማ ነበር።

ሁለቱ መንገዶች የሚቃረኑ ይመስላሉ። ጠለቅ ብለን ስናያቸው ግን በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ በሁለቱም ዘንድ መነሻው የሕፃኑን ምልክት ማንበብ ነው። የዲጎዋ እናት ቀድማ የምትጀምረው ሌሊትና ቀን ከልጇ ስለማትለይ ነው።

የየቲሙ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በሸሪዓ የቲም የሚባለው አባቱን ያጣ ሕፃን ነው። አባት ሲሞት እናት ለቀን ሥራ ትወጣለች፤ ሕፃኑ ከታላቅ እህቱ ወይም ከጎረቤት ጋር ይውላል። እናትም ከሌለች ወደ አያት ወይም ወደ አጎት ቤት ይዛወራል። በሁለቱም ሁኔታ ምልክቱን ታውቅለት የነበረችው ሴት አጠገቡ የለችም። ስለዚህ አዲስ ለመጣ ሕፃን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመተዋወቂያ ጊዜ ይሁኑለት። መቼ እንደሚርበው፣ መቼ እንደሚተኛ፣ ሽንቱ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ እንይ። እናቱ ዘንድ ሳለ ለምዶ የነበረ ሕፃን እንኳ ከሐዘንና ከቤት ለውጥ በኋላ እንደገና መሽናት ይጀምር ይሆናል። ይህ በሕፃናት ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ እልኸኝነት ተብሎ ሊቆጠርበት አይገባም።

የመድረስ ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ሕፃኑ ለሁለት ሰዓት ያህል ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ወይም ከቀን እንቅልፉ ደርቆ ይነሣል። ይህ ፊኛው ሽንትን መያዝ መጀመሩን ያመለክታል።

ሁለተኛ፣ ዓይነ ምድሩ የሚመጣበት ሰዓት እየታወቀ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ሊያደርግ ሲል ጨዋታውን ያቆማል፤ ወደ ጥግ ወይም ከበር ጀርባ ይሸሸጋል፤ ወይም ልብሱን ይይዛል።

አራተኛ፣ መራሱን ይጠላል፤ በቃልም ሆነ በእጅ ምልክት ይናገራል።

አምስተኛ፣ ራሱ ተራምዶ ይሄዳል፤ ያለ ድጋፍ ይቀመጣል፤ ሱሪውን ዝቅ ማድረግ ይሞክራል።

ስድስተኛ፣ «ጫማህን አምጣና ተቀመጥ» እንደሚለው ያለ ቀላል ትእዛዝ ይፈጽማል፤ ታላላቆቹንም መምሰል ይወዳል።

አብዛኞቹ ሕፃናት እነዚህን ምልክቶች የሚያሳዩት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሁሉም ምልክቶች በአንድ ቀን አይታዩም፤ በርከት ብለው ሲታዩ መጀመር ይቻላል። ካልታዩ ደግሞ ጥቂት ሳምንታት መታገሥ አይጎዳም። ያልደረሰን ሕፃን ማጣደፍ ዓይነ ምድሩን እንዲይዝ፣ ከዚያም እንዲደርቅበትና እንዲያመው ያደርገዋል፤ ያመመው ሕፃን ፖፖ ባየ ቁጥር ያለቅሳል። የሌሊቱ ነገር ደግሞ ከቀኑ ዘግይቶ ይመጣል፤ እስከ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ሌሊት የሚሸኑ ጤነኛ ልጆች ብዙ ናቸው።

ሥራው ሲጀመር ፖፖው ሕፃኑ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ከእንቅልፍ ሲነሣና ምግብ ከበላ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጥበት፤ ከምግብ በኋላ አንጀት ስለሚንቀሳቀስ ሰዓቱ ያግዛል። አዋቂዎች የሚጠቀሙበት የጉድጓድ መጸዳጃ ለሕፃን አስፈሪና አደገኛ ነው፤ እዚያ አይጀመር። አያትም እህትም ጎረቤትም አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀሙ፤ በየሰው ቃሉ ሲለዋወጥ ሕፃኑ ግራ ይጋባል። በቦታው ሲያደርግ «ማሻአላህ» ይባል፤ ሲያመልጠው በዝምታ ይጠረግ። ሴት ልጅ ስትጸዳ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። ኢስቲንጃንና እጅን በሳሙና መታጠብን ከዚሁ ጋር አብሮ ማስለመድ ይቻላል። በደጋው ክረምት ልብስ በቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ፀሐይ ያለበትን የበጋ ወራት መምረጥ የእናቶችን ሸክም ያቃልላል።

ነጃሳው ሶላታችንን ያበላሽብናል ብለው የሚጨነቁ ወገኖች አሉ። ጭንቀታቸው ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን በውሃ ነው። ኡሙ ቀይስ ቢንት ሚሕሰን ገና ምግብ ያልጀመረ ሕፃኗን ይዛ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጣች ጊዜ ሕፃኑ በልብሳቸው ላይ ሸናባቸው። እርሳቸውም ውሃ አስመጥተው ልብሱ ላይ ረጩበት፤ ነገሩ በዚያው አለፈ። ምግብ የጀመረ ልጅ ሽንት እንደሚታጠብ ዑለማዎቻችን ያስተምራሉ። ልብስ ይታጠባል፤ በዱላ የተሰበረ የየቲም ልብ ግን በውሃ አይጠራም።

የሕፃን ሰገራ ንጹሕ ነው የሚል አመለካከት በብዙ ቤት አለ። ይህ ስሕተት ነው። ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን በሕፃን ሰገራም አሉ፤ ትራኮማን የሚያስተላልፉት ዝንቦችም በሜዳ ላይ በተጣለ ሰገራ ይራባሉ። ትራኮማ ደግሞ ክልላችንን ክፉኛ የጎዳ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከማኅበረሰብ ነርሶች ጋር የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጠነው እንዲህ ያለውን በሽታ ከምንጩ ለመከላከል ነበር። ስለዚህ ፖፖው ወዲያውኑ ወደ ጉድጓዱ ይደፋ፤ ይታጠብ፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ሕፃኑ ሲሸና የሚያለቅስ፣ ትኩሳት ያለው፣ ሰገራው ደም የተቀላቀለበት ወይም ለቀናት የሚደርቅበት ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ለወራት ደረቅ ሆኖ ቆይቶ በድንገት መሽናት የጀመረ፣ በተለይም ውሃ አብዝቶ የሚጠጣና የሚከሳ ልጅ ሳይዘገይ ይመርመር።

ውድ ደጋፊዎቻችን፤ የእናንተ ድርሻ የት ላይ እንደሆነ ሳይገባችሁ አይቀርም። የማይገለበጥ አንድ ፖፖ፣ በላስቲክ የሚወልቁ አራት አምስት ሱሪዎች፣ የፍራሽ ላስቲክ፣ ሳሙናና ውሃ መያዣ ጀሪካን፤ የአንዲት አያት ትዕግሥት እንዳያልቅ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። ቅያሪ ልብስ ያላት አሳዳጊ «አይዞህ» ለማለት አቅም ታገኛለች። ለእናቲቱ የምትሰጡት ቀለብም ከቀን ሥራዋ ጥቂት ሳምንት አሳርፎ ከልጇ ጋር ካዋላት፣ ምልክቱን የምታነብለትን ሰው መለሳችሁለት ማለት ነው።

እናንተም አሳዳጊዎች፤ በሌሊት የራሰ ልብስ ስትቀይሩ ማንም አያያችሁም፤ አላህ (ሱ.ወ.) ግን ያያችኋል። አጅራችሁን ያብዛላችሁ፤ የቲሞቻችንንም በጤናና በክብር ያሳድግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።