አዲስ ሥራ በነባር ድርጅት ውስጥ




አንድ ድርጅት ትልቅ ለመሆን የሚበቃው ትናንት የሠራውን ሥራ ዛሬም ሳያዛንፍ ደግሞ ለመሥራት በመቻሉ ነው። መመሪያው፣ በጀቱና ቁጥጥሩ የተደራጁት ለዚሁ ዓላማ ነው። አዲስ ሥራ ግን ገና የሚደገም ነገር የለውም። ስለሆነም ነባሩን ሥራ ጠብቆ የሚያኖረው ሥርዓት አዲሱን ያለ አንዳች ክፋት ሊያቀጭጨው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ ኩባንያ ወጣት መሐንዲስ ስቲቭን ሳሰን ያለ ፊልም ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ አንዱን ሥዕል በካሴት ለመቅዳትም 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። የኩባንያው ትርፍ በአብዛኛው ከፊልም የሚገኝ በመሆኑ፣ ፊልም የማይፈልገው ካሜራ በፊልም ሚዛን ሲመዘን ቀለለ። ኮዳክ ኋላ ዲጂታል ካሜራ ሠርቶ ቢሸጥም፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የኪሳራ ሕግን ከለላ ለመጠየቅ ተገዷል።

አይ.ቢ.ኤም. በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1980 የግል ኮምፒዩተር ለመሥራት ሲነሣ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ርቆ በፍሎሪዳ፣ በቦካ ራቶን አነስተኛ ቡድን አቋቋመ። በዶን ኤስትሪጅ የሚመራው ይህ ቡድን ከድርጅቱ ልማድ ወጥቶ ዋና ዋና ክፍሎችን ከውጭ እንዲገዛ፣ ምርቱንም በሌሎች ነጋዴዎች መደብር እንዲያስሸጥ ተፈቀደለት። ኮምፒዩተሩም በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ፣ ኦገስት 12 ቀን 1981 ለሕዝብ ቀረበ።

ይሁን እንጂ ነጻነቱም ዋጋ ነበረው። አንጎለ ስሌቱ የኢንቴል፣ የአሠራር ፕሮግራሙ የማይክሮሶፍት ስለነበረ፣ ሌሎች ኩባንያዎች ተመሳሳዩን ለመሥራት ብዙ አልተቸገሩም። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን የሥራ ዘርፍ ለሌኖቮ ሸጠ። እንግዲህ አዲሱን ሥራ ለይቶ ማቆም ብቻውን አይበቃም፤ የበላይ አመራሩ ምን ከውጭ እንደሚገዛና ምን በእጁ እንደሚያስቀር አስቀድሞ ሊመክርበት ይገባል።

ከዚህ በመነሣት፣ አዲስ ሥራ የሚያስጀምር ሥራ አስኪያጅ ሦስት ነገሮችን በቅድሚያ እንዲወስን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሥራው የሚለካበትን ሚዛን፤ ይኸውም በመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ሳይሆን፣ በአነስተኛ ወጪ ስለ ገበያው ባስገኘው ዕውቀት ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ፣ ሌሎች መምሪያዎች በጀቱንና ባለሙያዎቹን ሲሻሙ የሚከላከልለትን የበላይ ኃላፊ። ሦስተኛ፣ ሥራው ከዋናው ድርጅት ጋር የሚቀላቀልበትን ወይም የሚዘጋበትን ሁኔታ።

በተለይ የመጨረሻውን ቸል አንበል። ሥራው በቅን ልቡና ተሞክሮ ሳይሳካ ሲቀር፣ የመራው ሠራተኛ የቀድሞ ደረጃው ተጠብቆለት መመለስ አለበት። እርሱ የተቀጣ እንደሆነ ሌሎቹ አይተው ይማራሉ፤ የሚማሩትም ዝም ማለትን ነው። ሠራተኛው ሐሳቡን በልቡ ይዞ የሚያረጅበት ድርጅት፣ ሒሳቡ ዛሬ ትርፍ ቢያሳይም ነገውን እየበላ ነው።