ለቪዛ ጥያቄ የሚቀርበውን ወጣት ስለ ማዘጋጀት
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በለገጣፎም ሆነ በሰበታ፥ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ፥ ልጁን አስተምሮ ለዩኒቨርሲቲ ያበቃ ቤተሰብ ሁሉ ሊያጋጥመው የሚችል አንድ ጭንቀት አለ። ይኸውም ልጁ ትምህርቱን ሊፈጽም ሲቃረብ ወይም እንደ ተመረቀ በአሜሪካ አገር ከሚገኝ ድርጅት ለሥራ ልምምድ ሲጠራ ነው። ጥሪው ለቤቱ ደስታ ነው። ነገር ግን ልጁ ከመሄዱ በፊት በኤምባሲው መስኮት ፊት ቆሞ መጠየቅ እንዳለበት በተሰማ ጊዜ ደስታው ወደ ሥጋት ይለወጣል፤ መካሪም ይበዛል። ዘመድ ይመክራል፤ ጎረቤት ይመክራል፤ ደላላም ገንዘብ ተቀብሎ ይመክራል። ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለውን ወጣት እንዴት ማዘጋጀት እንደሚገባ ጥቂት ቃል ለመናገር እወዳለሁ። ንግግሬም ከወጣቱ ይልቅ ለሚያዘጋጁት ለርስዎ ነው፤ ወላጅም ይሁኑ መምህር፥ ወይም ታላቅ ወንድም ወይም እኅት።

አስቀድሞ የነገሩን መሠረት ማወቅ ያስፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ልምምድ የሚሰጠው የአሜሪካ ቪዛ ጄ-1 ይባላል፤ መሠረቱም እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የትምህርትና የባህል ልውውጥ ሕግ ነው። ተለማማጁ ከአሜሪካ ውጭ ባለ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚማር፥ ወይም ልምምዱን እስከሚጀምርበት ቀን ድረስ ከተመረቀ ከ12 ወር ያላለፈው መሆን አለበት፤ ልምምዱም ከ12 ወር አይበልጥም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የፈቀደለት ስፖንሰር ዲኤስ-2019 የተባለውን ቅጽ ይሰጠዋል፤ የልምምዱም ዕቅድ ዲኤስ-7002 በተባለው ቅጽ ላይ ተጽፎ በተለማማጁ፥ በስፖንሰሩና በተቀባዩ ድርጅት ይፈረማል። ከዚህ በኋላ ወጣቱ ዲኤስ-160 የተባለውን ማመልከቻ ይሞላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በ220 ዶላር የተወሰነው የመዝገብ ክፍያና በ2023 በ185 ዶላር የተወሰነው የቪዛ ክፍያ አለ። የቪዛው ክፍያ ወጣቱ ቢከለከልም አይመለስም። የክፍያው ልክ ሊለወጥ ስለሚችል ከመክፈል በፊት ከኤምባሲው ማስታወቂያ ማረጋገጥ ይገባል።

እንግዲህ ጥያቄው የሚያስፈራው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በአንቀጽ 214(ቢ) እንዲህ ያለው አመልካች ሁሉ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ በዚያው ለመቅረት እንደሚሄድ ሰው ይቈጠር ዘንድ ያዛል። የቆንስላው ሹም ከዚህ ግምት የሚጀምረው ልጅዎን ንቆ ወይም አገራችንን ጠልቶ አይደለም፤ ሕጉ እንዲህ ስለሚያዘው ነው። የማስረዳቱ ሸክም በአመልካቹ ትከሻ ላይ ነው። ለማስረዳትም የሚያገኘው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ሐሰተኛ ምክር የሚገባው በዚህ በር ነው። አንዱ መልሱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃልህ አጥና ይለዋል። ሌላው ከዘመድ ገንዘብ ተበድረህ ለአንድ ሳምንት በባንክ ሒሳብህ አስቀምጥ ይለዋል። ሌላውም በአሜሪካ የሚኖረውን አጎትህን የለኝም በል ይለዋል። ለገጣፎ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ከሠሩባቸው ሥፍራዎች አንዱ ስለ ሆነ፥ ይህ የመጨረሻው ምክር በዚያ ለሚኖር ወጣት እንግዳ አይሆንበትም። ነገር ግን በውጭ አገር ዘመድ ያለው መሆኑ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ዘመዱን መካድ ግን ከባድ ነገር ነው። በአንቀጽ 214(ቢ) የተከለከለ ሰው ሁኔታው በተለወጠ ጊዜ እንደ ገና ሊያመለክት ይችላል። ዋና የሆነውን ነገር አውቆ በሐሰት የተናገረ ወይም የሐሰት ወረቀት ያቀረበ ሰው ግን፥ ልዩ ምሕረት ካልተደረገለት በቀር፥ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ አገር ሊከለከል ይችላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለው፥ ዛሬ የተሸሸገው ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ ማመልከቻ ላይ ሊገለጥ ይችላል።

ታዲያ ትክክለኛው ዝግጅት ምንድን ነው? ሦስት ምሽት ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ምሽት ለወረቀቱ ነው። እኛ የራሳችን የቀን አቈጣጠር፥ የራሳችን ሰዓትና የራሳችን የስም ሥርዓት ያለን ሕዝብ ነን፤ ይህም ክብራችን ሲሆን በባዕድ ቅጽ ላይ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በፓስፖርቱ፥ በዲኤስ-2019ና በማመልከቻው ላይ ያለው ስም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መሆኑን ፊደል በፊደል ይመርምሩ፤ አንዱ ጸሐፊ «ኃይሌ» ብሎ የጻፈበት ፊደል ከሌላው ሊለይ ይችላልና። ቀኑንም ያስተያዩ። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በነርሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር፤ በሰኔ 2017 ዓ.ም. የተመረቀ ልጅም በነርሱ አቈጣጠር በ2025 የተመረቀ ነው። በቀጠሮው ወረቀት ላይ ከቀኑ በፊት 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። የአሜሪካ ኤምባሲ የሚገኘው በእንጦጦ መንገድ ስለ ሆነ፥ ከለገጣፎ የሚነሣው በጣፎና በአያት አድርጎ መገናኛን አልፎ፥ ከሰበታ የሚነሣውም በአየር ጤና በኩል ከተማውን አቋርጦ የሚሄድ መሆኑን አስቦ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣ።

ሁለተኛው ምሽት ለልምምዱ ዕቅድ ነው። ዲኤስ-7002ን ከልጁ ጋር ተቀምጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡ። ደንቡ ተለማማጁን ሙያ በማይጠይቅ ተራ ሥራ ማሠራትን ይከለክላል፤ የጽሕፈት ቤት ተራ ሥራም ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል። ስለዚህ ልጁ ምን እንደሚማር፥ ማን እንደሚያስተምረውና ዕውቀቱ ለምን እንደሚጠቅመው ካላወቀ፥ ሹሙ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ለምሳሌ የውሃ ምሕንድስና የተማረ አንድ የለገጣፎ ወጣት እናስብ። «ለምን ትሄዳለህ?» ቢባል፥ «አሜሪካ ታላቅና የሠለጠነ አገር ስለ ሆነ» ብሎ ቢመልስ ምንም አልተናገረም። ነገር ግን፥ «ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ የለገዳዲ ግድብ በከተማችን አጠገብ ነው፤ እኔም የውሃ ማጣራትን ሥራ በተግባር ለመማር እሄዳለሁ፤ ስመለስ በዚሁ ሙያ ለመሥራት አስባለሁ» ቢል፥ በሦስት ዐረፍተ ነገር ማን እንደ ሆነ፥ ምን እንደሚፈልግና ወዴት እንደሚመለስ አስረዳ። የቡራዩውም ልጅ ስለ ገፈርሳ እንዲሁ ለመናገር ይችላል። እያንዳንዱ ግን የራሱን እውነት ይናገር፤ የሌላውን መልስ አይዋስ።

ሦስተኛው ምሽት ለአነጋገር ነው። በአገራችን ልማድ ታላቅ ሲናገር ዓይንን ወደ መሬት መጣል፥ ድምፅንም ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ» ማለትም ትሕትና ነው። በመስኮቱ በስተኋላ የተቀመጠው ሹም ግን ይህን ላያውቅ ይችላል፤ የተሰበረው ዓይን የሚሸሽግ፥ ትሕትናውም ያልተማረ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ፥ ጠያቂውን እያየ፥ በግልጽ ድምፅ የተጠየቀውን ብቻ ይመልስ ዘንድ ያለማምዱት። የእንግሊዝኛ ችሎታው ለልምምዱ በቂ መሆኑን ስፖንሰሩ ያረጋገጠለት ስለ ሆነ በእንግሊዝኛ ለመመለስ ይዘጋጅ። ያልገባው ጥያቄ ቢኖር እንዲደገምለት መጠየቅ ነውር አለመሆኑን ይንገሩት።

እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 ጀምሮ የጄ ቪዛ አመልካቾች የማኅበራዊ መገናኛ ገጻቸውን ለሁሉ ክፍት እንዲያደርጉ መታዘዙንም ልብ ይበሉ። በመስኮቱ ፊት «እመለሳለሁ» የሚል ወጣት በገጹ ላይ «ለዘለዓለም ደኅና ሰንብቱ» ብሎ ቢጽፍ በራሱ ላይ መሰከረ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ነገር ቀርቷል። ሹሙ «ትመለሳለህን?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት እርስዎ በቤትዎ ይጠይቁት። ከዚያም በፊት ራስዎን ይጠይቁ። ቤተሰቡ ገንዘብ ተበድሮ፥ ምናልባትም መሬት ሸጦ ልጁን ሲሸኝ፥ በልቡ «እዚያው ቢቀርልኝ» እያለ እንደሚመኝ ማን ይክዳል? ምኞቱ ከችግር የመጣ ስለ ሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን ማታ በምድጃ ዳር «እንዳትመለስ» የተባለ ልጅ፥ ጧት በመስኮት ፊት «እመለሳለሁ» ቢል ቃሉ ከየት ኃይል ያገኛል? ምላሱ ቢደፍር ፊቱ ይከዳዋል። ልጁ ለመኖር ከሆነ አሳቡ፥ ይህ የልምምድ ቪዛ የዚያ መንገድ አይደለም፤ ይህንንም በቤት ውስጥ በግልጽ ተነጋግሮ መለየት ይሻላል። ለመማርና ለመመለስ ከሆነ ግን፥ የሚመለስበትን ቤትና የሚጠብቀውን ሥራ አብረው ያስቡለት፤ «ደጃችን ክፍት ነው፥ ዕውቀትህን ይዘህ ና» ይበሉት። ይህን ከወላጁ አፍ የሰማ ወጣት በመስኮቱ ፊት የሚለው እርሱ ራሱ የሚያምነውን ነው።

ምናልባት እንዲህም ተዘጋጅቶ ይከለከል ይሆናል፤ ውሳኔው በሹሙ እጅ ነውና። ባዶ እጁን የተመለሰ ዕለት አይቈጡት፥ በጎረቤትም ፊት አያሳፍሩት። እውነቱን ተናግሮ የተመለሰ ልጅ ስሙን ይዞ ተመልሷል፤ በዚያው ስም ነገ በዚያም በር ሆነ በሌላ በር ቆሞ ለማንኳኳት ይችላል።

ይህን ብዬ ንግግሬን እፈጽማለሁ፤ ለሚሄዱት መልካም መንገድ፥ ለሚጠብቋቸውም ደስታ ያለበት መገናኘት እመኛለሁ።