ተራውና የተሻሻለው ትራክተር፦ ገዢ ማኅበር ሊያውቀው የሚገባ ልዩነት

(በምሥረታ በዓሉ ላይ ለአባል ማኅበራት የቀረበ ንግግር)

ገበሬ በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ በመልኩ ብቻ አይረካም። ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይገምታል፣ ሰኮናውን ይመረምራል፣ አስነድቶ አካሄዱን ያያል፤ ከተቻለም ቀንበር አስነክቶ ይሞክራል። ዋጋው ከበሬ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን አሮጌ ትራክተር ለመግዛት ሲኬድ ግን ብዙ ጊዜ ዓይን የሚያርፈው አዲስ በተቀባው ቀለምና ኮፈኑ ላይ በተለጠፈው ስም ላይ ነው። "ይኸኛው ተራው ነው፣ ያኛው የተሻሻለው ነው" ይባላል፤ ለተሻሻለውም ተጨማሪ ብር ይከፈላል። ምኑ እንደተሻሻለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሚከፈለው ገንዘብ የአባላት ዕጣ በመሆኑ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም።

ለጉዳዩ ጥሩ ማስተማሪያ የሚሆኑ ሁለት የቆዩ ትራክተሮች አሉ። አንደኛው ማሲ ፈርጉሰን 35 ሲሆን ሁለተኛው ቤላሩስ 80 ነው።

ማሲ ፈርጉሰን 35 በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ይሠራ የነበረ ትራክተር ነው። የመጀመሪያው የናፍጣ ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር ሲሆን በብርድ ጠዋት ለመነሳት በማስቸገሩ ይታወቃል። በ1959 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ባለ 3 ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር ተተካለት። ሲሊንደሩ በአንድ ቢቀንስም አነሳሱ ተሻለ። ከዚህ የምንረዳው የሲሊንደር ብዛት ብቻውን የብልጫ ምልክት አለመሆኑን ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ደግሞ "35 ኤክስ" የተባለው የተሻሻለ ሞዴል ወጣ። የሞተሩ ይዘት ያው 2.5 ሊትር ሆኖ ሳለ ጉልበቱ ከ37 ገደማ ወደ 44.5 የፈረስ ጉልበት ከፍ እንዲል ተደረገ።

ይህ ጭማሪ ከባድ አፈር ላይ ማረሻ ይዞ ለመዝለቅ ይጠቅማል። ሥራው እህል በተጎታች ማመላለስ ወይም ቀላል አፈር መከስከስ ለሆነ ማኅበር ግን ጭማሪው የግድ አይደለም። ከሁሉም በላይ ጉልበቱ የሚለካው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ነው። የፒስተን ፋሻው ያለቀ፣ ኢንጀክተሩ የሚያንጠባጥብ 35 ኤክስ በደንብ ከተያዘ ተራ 35 ሊያንስ ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ኮፈንም ሞተርም ከአንዱ ወደ ሌላው ሊዛወር ስለሚችል ስሙ ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ልዩነት በዓይን የማይታይ ነው። ይኸው ትራክተር "ተራ" እና "ደሉክስ" ተብሎ ይሸጥ ነበር። ተራው ነጠላ ፍሪሲዮን ስላለው ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ትራክተሩ ብቻ ሳይሆን ከኋላ መሣሪያ የሚያሽከረክረው ዘንግም ይቆማል፤ የሃይድሮሊኩ ማንሻም አብሮ ሥራ ያቆማል። በደሉክሱ ግን ፍሪሲዮኑ ድርብ ነው። እስከ ግማሽ ሲረገጥ ጎማው ይቆማል፣ ዘንጉ ግን መዞሩን ይቀጥላል። ሣር ወይም ጭድ እየሄደ ለሚያስር ማሽን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቆሞ ለሚሠራ መውቂያ ግን ተራውም ይበቃል።

ሦስተኛው ልዩነት የሰው ሕይወት የሚነካ በመሆኑ ልዩ ትኩረት ይሻል። 35 ኤክስ ተጨማሪ ዋጋ ሲከፈልበት "መልቲ ፓወር" የሚባል ካምቢዮ ይገጠምለት ነበር። ተራው 6 ወደፊትና 2 ወደኋላ የሚሄዱ ማርሾች ሲኖሩት መልቲ ፓወር 12 ወደፊትና 4 ወደኋላ ያደርሳቸዋል። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ በጉዞ ላይ እያለ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ለእርሻ ምቹ ነው። ነገር ግን መልቲ ፓወሩ ዝቅተኛው ላይ ሲሆን ሞተሩ ትራክተሩን አይዝም። በቁልቁለት ላይ ጎማው ከሞተሩ ቀድሞ በነፃነት ይሮጣል። ሾፌሩ "ዝቅተኛ ላይ አድርጌዋለሁ" ብሎ ተማምኖ፣ እህል የጫነ ተጎታች ከኋላው እየገፋው ሲወርድ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለደጋ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም።

በመሆኑም መልቲ ፓወር ያለው ትራክተር ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት በዋናው ካምቢዮ ከባድ ማርሽ ገብቶ፣ መልቲ ፓወሩ ከፍተኛው ላይ መሆን አለበት። ሞተሩ ሲጠፋም የዘይቱ ግፊት ስለሚወርድ መልቲ ፓወሩ ራሱ ወደ ዝቅተኛው ይመለሳል። ስለዚህ ተዳፋት ላይ ሲቆም ማርሽ ማስገባት ብቻውን አይበቃም፤ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ጎማው ሥርም ድንጋይ ማድረግ ይገባል። በተራው ትራክተር የሠለጠነ ሾፌር የተሻሻለውን ሲረከብ ይህ ካልተነገረው፣ መሻሻሉ ለአደጋ ምክንያት ይሆናል ማለት ነው።

ወደ ቤላሩስ እንለፍ። በሚንስክ ፋብሪካ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተው ቤላሩስ 80 ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ትብብር በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የተቋቋመው ፋብሪካ የቤላሩስ ትራክተሮችን ይገጣጥም ነበር። የ80 ወንድም የሆነው ቤላሩስ 82 ብዙ ጊዜ "ጉልበቱ የበለጠው" ተብሎ ይወደሳል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሁለቱም ሞተር አንድ ዓይነት፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 80 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። 82 በሞተር በኩል አንድም ፈረስ አልጨመረም። የጨመረው የፊት ጎማዎቹን የሚገፋ ዲፈረንሻል ነው።

ይህ ጭማሪ ዋጋ የሚያወጣው መሬቱ ሲያዳልጥ ነው። ዝናብ የጠጣ የዋልካ መሬት ላይ 80 የኋላ ጎማውን በከንቱ እያሽከረከረ ናፍጣ ሲያቃጥል፣ 82 በፊት ጎማው ተጋግዞ ይወጣል። ማንሻው "አውቶማቲክ" ላይ ሲሆን የኋላው ጎማ ማንሸራተት ሲጀምር የፊቱ ራሱ ይገባል። በሌላ በኩል በደረቅ መንገድ ላይ የፊቱን አስገድዶ አስገብቶ መንዳት ጎማና ጥርስ ይበላል። የፊትና የኋላ ጎማ መጠንም ለእርስ በርሱ የተመጠነ ነው፤ የተገኘውን ጎማ መግጠም የፊቱን ዲፈረንሻል ይጎዳል። መሬቱ ቀላልና ደረቅ ለሆነ ማኅበር 80 የሚጠገን ነገሩ ጥቂት ስለሆነ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። "የተሻሻለ" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም። በአንዱ ጉልበት፣ በሌላው ፍሪሲዮን፣ በሦስተኛው ካምቢዮ፣ በአራተኛው የፊት ጎማ ነው የተሻሻለው። ማኅበሩ መጀመሪያ የራሱን መሬትና ሥራ ይወቅ፤ ቀጥሎ የጎደለውን የሚሞላለትን ይምረጥ።

ውል ከመፈረሙ በፊትም አራት ነገሮች ይፈጸሙ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ሞተሩ ሻጭ አስቀድሞ ሳያሞቀው፣ በማለዳ ይነሳ። ማረሻ ተገጥሞለት ከገበያ ሜዳ ሳይሆን ከሚሠራበት መሬት ላይ ይሞከር። ሾፌሩም ሲገዛ አብሮ ይገኝ፤ የአዲሱን ካምቢዮ ጠባይ ሳይማር ቁልፍ አይረከብ።

በሬውን ጥርሱን ሳያይ የማይገዛ ገበሬ ትራክተሩንም ሆዱን ሳያይ አይግዛ።