ገበሬውን ፎቶግራፍ ስናነሣ



በመኸር ወራት ወደ ባላገር ብቅ የሚል የመሥሪያ ቤት ሰው፥ በሬዎች በዐውድማ ሲያበራዩ፥ ገበሬው ገለባውን በመንሽ ሲያገላብጥ፥ እህሉንም በላይዳ ለነፋስ ሲሰጥ ይመለከታል። ይህን ሥራ በፎቶግራፍ ለማስቀረት መሻት መልካም ነው። ነገር ግን የሚነሣው ሰው ስም እንዳለው መዘንጋት አይገባም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዶሮቴያ ላንጅ የተባለች አሜሪካዊት፥ በካሊፎርኒያ በኒፖሞ፥ ውርጭ አዝመራውን ባጠፋባቸው አተር ለቃሚዎች ሰፈር አንዲት ችግረኛ እናት ከልጆቿ ጋር አነሣች። ፎቶግራፉ በዓለም ዝነኛ ሆነ፤ አንሺዋ ግን የእናቲቱን ስም አልጠየቀችም ነበር። ሴትዮዋ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኗ በይፋ የታወቀው ከ42 ዓመት በኋላ፥ በ1978 ነው። እርሷም ከፎቶግራፉ አንዳች ጥቅም አለማግኘቷን በቅሬታ ተናገረች።

ስለዚህ እኛም አስቀድመን ሰላምታ እንስጥ፥ ፈቃድም እንጠይቅ። ሥራውን አስጥለን በሰልፍ አናቁመው፤ «ልብሴን ልለውጥ» ቢል ግን እንታገሠው፤ በሥራው ላይ ሳለ አንድ፥ እርሱ እንደ ወደደ ሌላ እናንሣው። በፎቶግራፉ ጀርባ ስሙን፥ ቀበሌውን፥ ቀኑንና የመሣሪያውን ስም እንጻፍ። አንዱንም ቅጂ አሳትመን፥ ወደዚያው በሚሄድ ሰው እጅ እንላክለት። እኛ ለመታሰቢያ የምንይዘውን ሥዕል፥ ልጆቹም አባታቸውን ሊያዩበት ይገባቸዋልና።